በሁለት ገና መካከል፦ የሄስቲንግስ የቼዝ ውድድር ገንዘቡን ያወጣል?

ሰው ምግብ ቤት ሄዶ ይገመግማል። ስልክ ገዝቶ ይገመግማል። እኔ ዛሬ የምገመግመው የቼዝ ውድድር ነው። መመዝገቢያ ከፍዬ፣ ባቡር ከፍዬ፣ ማደሪያ ከፍዬ ስለሄድኩ የመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ቦታው ሄስቲንግስ ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ የተቀመጠች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከለንደን ቻሪንግ ክሮስ ተነስቶ በባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ታሪክ የሚወድ ሰው ስሟን የሚያውቀው በ1066ቱ ጦርነት ነው። ቼዝ የሚጫወት ሰው ግን 1066 ትዝም አይለው። እሱ የሚያውቀው 1895ን ነው።

ውድድሩ የፈረንጆቹ ገና ካለፈ በኋላ፣ ዲሴምበር ሊያልቅ ሲል ይጀምራል። የኛ ገና ሊገባ ሲል ያልቃል። ስለዚህ ለኛ ሰው ሙሉው ውድድር ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ በኋላ ስለ ድንች ጥብስ ሳወራ ምን ነካው እንዳትሉኝ ነው።

እኔ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ የማውቀው ዳማ ብቻ ነበር፤ ያውም በቆርኪ። ቼዝ የተማርኩት ስድስት ኪሎ ዶርም ውስጥ ነው፤ አንድ ወታደር ጠፍቶበት በባትሪ ድንጋይ በተተካ ሰሌዳ። ጎበዝ ተጫዋች አይደለሁም። ግን የድሮ ጨዋታዎችን ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ። ሄስቲንግስን ለዓመታት በስሙ ብቻ ሳውቀው ኖሬ ዘንድሮ ፈቃድ ወሰድኩና ሄድኩ።

ብቻዬን አይደለም የሄድኩት። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጋሼ አብረውኝ መጡ። ጋሼ ቼዝ አይጫወቱም። የሚጫወቱት ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዥ ስል ኮምፒውተር ላይ የምትሞሉትን ማለቴ አይደለም፤ የጥንቱን፣ የመሳፍንቱን ጨዋታ ነው። ጎጃም ውስጥ ከአባታቸው ነው የተማሩት። የዛሬ ልጅ ቃሉን ሲሰማ ቁጥር የተሞላ ሳጥን ነው የሚመጣለት፤ ጨዋታው ጠፍቶ ስሙ ቢሮ ገባ። ከ200 ዓመት በፊት ግን የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ በሰንጠረዥ ፍቅር የታወቁ ነበሩ። በዘመናቸው አገራችን የመጡት እንግሊዞች ጽፈውላቸዋል።

የሰንጠረዥ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ የለውም። ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮበት ያልቃል። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በየፊናቸው፣ እጃቸው እንደቻለ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ይህ ወረራ ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው ተራ የሚጠበቀው። ወታደሩ መደቅ ይባላል። ተመልካቹም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይመክራል፣ ያሾፋል፣ ይጮኻል።

አሁን እኚህን ሰው፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሁሉም ዞሮ የሚያይበት አዳራሽ ውስጥ አስቡልኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከኋላዬ ቆመው ነበር። ፈረሴን ሳነሳ «እሱን ተወው!» አሉኝ፣ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ ነው ባዮች ናቸው። ዳኛው መጣ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። ጋሼም መልሰው ፈገግ አሉና «ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ በእጃቸው ምልክት ማሳየት ጀመሩ፤ እሱም ክልክል መሆኑን ሻይ ቤት ወስጄ አስረዳኋቸው። «ታዲያ ሰው ለምን ይሰበሰባል?» አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኋቸውም።

ወደ 1895 ልመለስ። ብዙ ሰው የዚያን ዓመቱን ውድድርና አሁን በየዓመቱ የሚካሄደውን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ለየብቻ ናቸው። የ1895ቱ በበጋ ነበር፤ ከኦገስት 5 እስከ ሴፕቴምበር 2። 22 ተጫዋቾች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ከሁሉም ጋር ተጋጠመ፣ 21 ጨዋታ ማለት ነው። የዓለም ሻምፒዮኑ ላስከር ነበር። ከዓመት በፊት ዙፋኑን የተነጠቀው ስታይኒትዝ ነበር። ታራሽ ነበር፣ ቺጎሪን ነበር። ከአሜሪካ ደግሞ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው የ22 ዓመት ልጅ መጣ፤ ሃሪ ኔልሰን ፒልስበሪ።

ፒልስበሪ የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈ፣ በቺጎሪን። ሲያልቅ ግን 16 ተኩል ነጥብ ይዞ አንደኛ ሆነ። ቺጎሪን 16፣ ላስከር 15 ተኩል። የመጨረሻውን ቀን ጉንስበርግን ማሸነፍ ነበረበት፤ አሸነፈው። ከዚያ በኋላ ያንን የሚያህል ድል አላገኘም፤ በ1906 በ33 ዓመቱ ሞተ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ቀኑን በኛ አስሉልኝ አሉ። ነሐሴ 1887 ነው። ውድድሩ ካለቀ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 1888 ላይ ምኒልክ የክተት አዋጁን አወጁ። «እነሱ እዚህ ቁጭ ብለው እንጨት ይገፉ ነበር በለኛ» አሉ።

ከ1895ቱ ጨዋታዎች በጣም የሚወራለት የስታይኒትዝና የፎን ባርደሌበን ነው። ስታይኒትዝ ግንቡን ተቃዋሚው ንጉሥ ፊት ደቅኖ ያስቀምጣል፤ ለመበላት የተሰጠ ይመስላል፣ ግን ንጉሡም ንግሥቲቱም ቢበሉት አይበጃቸውም። ባርደሌበን አየ። መሸነፉ ገባው። እጅ መስጠት፣ መጨበጥ የለ። ተነስቶ ከአዳራሹ ወጣ፤ ሰዓቱ እየሄደ ጊዜው አለቀበት። ስታይኒትዝ ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ የሚያልቅበትን የቀረውን መንገድ (ማቱን) ለተመልካቹ አሳየ።

ጋሼ በዚህ በጣም ተናደዱ። «ሳይሰናበት?» አሉ። «የት አገር ነው የሱ ሰው?» ጀርመን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በየዓመቱ የሚካሄደው የገና ውድድር የተጀመረው በ1920/21 ነው። በፈረንጆች አዲስ ዓመት መሃል ስለሚያልፍ ሁልጊዜ በሁለት ዓመት ነው የሚጠራው። የመጀመሪያው አሸናፊ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዬትስ ነው። ከዚያ ዝርዝሩ መክበድ ይጀምራል። ሩቢንስታይን በ1922/23፣ ማክስ ኦይዌ በ1923/24፣ አሌኪን ከቪድማር ጋር እኩል ሆኖ በ1925/26፣ ካፓብላንካ በ1929/30። ቼኩ ሳሎ ፍሎር ደግሞ ከ1931/32 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወሰደው። ከጦርነቱ በኋላ ኬረስ፣ ስሚስሎቭ፣ ግሊጎሪች፣ ቦትቪኒክ፣ ታል፣ ስፓስኪ። በ1971/72 ካርፖቭና ኮርችኖይ እኩል ጨረሱ፤ እነዚያ ሁለቱ በኋላ በዓለም ዙፋን ላይ እንደ ባላንጣ የተናነቁት ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከካስፓሮቭ በፊት የነበሩ የዓለም ሻምፒዮኖች በሙሉ፣ ከቦቢ ፊሸር በቀር፣ አንድ ጊዜም ቢሆን ሄስቲንግስ ላይ ተቀምጠው ተጫውተዋል። ለትንሽ የዓሣ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ግን የሻምፒዮኖችን ዝርዝር እንደ ስልክ ማውጫ ማንበብ አይጥመኝም። የሚጥመኝ የተበላሸባቸው ዓመት ነው። ለምሳሌ 1934/35። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካ መጣ። ከሶቪየት ኅብረትም የ23 ዓመቱ ቦትቪኒክ መጣ፤ ገና ሻምፒዮን ሳይሆን። ሁሉም ከሁለቱ አንዱ ይወስደዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሁለቱም አልወሰዱትም። አንደኝነቱን የተካፈሉት ኦይዌ፣ ፍሎርና ሰር ጆርጅ ቶማስ ናቸው።

ሰር ጆርጅ ማነው ትላላችሁ? ዛሬ የዓለም የባድሚንተን ቡድኖች የሚፋለሙለት የቶማስ ዋንጫ የተሰየመው በዚህ ሰውዬ ነው። የባድሚንተን ሻምፒዮን ነበር፣ ቴኒስም ይጫወት ነበር። ትርፍ ጊዜውን ደግሞ ካፓብላንካንና ቦትቪኒክን በአንድ ውድድር እያሸነፈ አሳለፈ። እኔ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ማውለቅ ያቅተኛል።

በዚያው ውድድር ሃንጋሪያዊው ሊሊየንታል በካፓብላንካ ላይ ንግሥቱን ሠዋ። ካፓብላንካ ንግሥቲቱን በላ፤ ንጉሡ ግን ሰሌዳው መሃል ተሰንጎ ቀረ፣ ጨዋታውም በጥቂት እርምጃ አለቀ። ይህን ጨዋታ ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ሃያኛው እርምጃ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ።

ቦትቪኒክ ደግሞ ለምን እንደተበላሸበት ራሱ በኋላ ተናግሯል። ሄስቲንግስ የደረሰው የመጀመሪያው ዙር ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። ሽማግሌው ላስከር ስህተቱ እዚያ ላይ ነው፣ አሥር ቀን ቀድመህ መምጣት ነበረብህ አለው።

ይህን ያነበብኩት ከመሄዴ ከሳምንት በፊት ነው። እንግዲህ እዩኝ። የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ሦስት ሰዓት ተኝቼ፣ ጋሼን ከቤታቸው ወስጄ፣ በባቡር ተሳፍሬ አዳራሹ የደረስኩት ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ኮቴን እንኳ የት እንደምሰቅል አላወቅኩም። በ23 እርምጃ ተሸነፍኩ። አሥራ አምስተኛው ላይ ንግሥቴን በአደባባይ ሰጠሁ፤ እንደ ሊሊየንታል አስቤበት ሳይሆን ሳላያት።

ያሸነፈኝ ሰው ከጋሼ ብዙ የማያንስ ሽማግሌ ነበር። የራሱን ትራስ ይዞ መጥቶ ወንበሩ ላይ አነጠፈ። ከቦርሳው ቴርሞስ አወጣ፣ ብስኩት አወጣ፣ ብስኩቱን በጽዋ ማስቀመጫዋ ላይ ደረደረ። እርምጃውን በጻፈ ቁጥር የብዕሩን ክዳን ቀጭ ያደርጋል። ቀጭ። ከጨዋታው በኋላ ጨዋታዬን አብረን ከለስነው፤ የት እንደሳትኩ ሳያዋርደኝ አሳየኝ። ከዚያ ልጅ ሆኖ፣ በ1963/64፣ ታልን እዚሁ ከተማ ቆሞ ማየቱን ነገረኝ። ምን ትዝ ይልሃል ብዬ ብጠይቀው «ጭሱ» አለኝ። ታል ሲጋራ ከአፉ አይለይም ነበር። ያንን ውድድር አሸንፎ ሄዷል፤ ለሰውዬው የቀረለት ጭሱ ነው።

እንደኔ ላለው ሰው የዚህ ውድድር ዋጋ ይኼ ነው። ኳስ ወዳድ ስለሆንክ ዌምብሌይ ሜዳ ገብተህ አትጫወትም። እዚህ ግን ዝቅተኛ ምድብ ውስጥ ተመዝግበህ፣ ካፓብላንካ የተሸነፈበት ውድድር ላይ አንተም ትሸነፋለህ። ምድቡ ብዙ ነው፤ ግራንድማስተሮቹ፣ ማለት የቼዝን ትልቁን ማዕረግ የያዙት፣ በራሳቸው፣ እኛም በየአቅማችን። እኔ አምስት ዙር ተጫውቼ ሁለት ነጥብ አገኘሁ። አንድ አሸነፍኩ፣ ሁለት አቻ ወጣሁ። ስለተሸነፍኩባቸው ሁለቱ አንዱን ነግሬያችኋለሁ፤ ሌላው ይቅር።

አሁን ወደ ራሴ ሻምፒዮን ልምጣ። በአሸናፊዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙን አታገኙትም።

ሱልጣን ኻን ይባላል። የፑንጃብ ሰው ነው፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ካለው ክፍል። እንግሊዝ አገር የመጣው በ1929 በሰር ዑመር ሃያት ኻን አጀብ ውስጥ ሆኖ ነው። ያደገው በሕንድ ቼዝ ነው። የሕንዱ ቼዝ ሕጉ ከአውሮፓው ይለያል፤ ለምሳሌ ወታደሩ መነሻው ላይ ሆኖ እንኳ ሁለት ቤት አይራመድም። የአውሮፓውን ሕግ የለመደው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። በመጣበት ዓመት የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1932ና በ1933 ደገመው፣ ሠለሰው።

በ1930/31 ሄስቲንግስ ላይ ካፓብላንካ ፊት ተቀመጠ። ካፓብላንካ ማለት፣ ሰው ማሽን ይለው የነበረ ሰው ነው። ሱልጣን ኻን አሸነፈው። ውድድሩን ኦይዌ አንደኛ፣ ካፓብላንካ ሁለተኛ፣ እሱ ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ። በ1933 ጌታው ወደ አገሩ ሲመለስ እሱም ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ በአውሮፓ መድረክ አልታየም። በ1966 አረፈ። የግራንድማስተርነት ማዕረግ የተሰጠው በ2024 ነው፤ ለክብሩ፣ ከሞተ ከ58 ዓመት በኋላ።

ይህን ለጋሼ የነገርኳቸው ባሕሩ ዳር ነው። ከጥቁሮቹ ረጃጅም የመረብ ማስቀመጫ ጎጆዎች አጠገብ፣ ንፋሱ ጋቢያቸውን እየገለበ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ወታደሩ አንድ ቤት ብቻ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «የኛም እንደዚያ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሰውዬው በሌላ ቋንቋ ሙግት ገጥሞ ረታቸው በለኛ» አሉኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የጋሼም ሻምፒዮን እሱ ሆነ። አዳራሽ ስንመለስ የሕንድ ልጆች የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ጋ እየሄዱ ይቆማሉ። የማን ደጋፊ እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

ሌላዋ ቬራ ሜንቺክ ናት። በ1906 ሞስኮ ተወለደች፤ አባቷ ቼክ፣ እናቷ እንግሊዛዊት። ከአብዮቱ በኋላ በ1921 ከእናቷ ጋር ወደ ሄስቲንግስ አካባቢ መጣች። እንግሊዝኛ በደንብ አትችልም ነበር፤ ቼዝ ደግሞ ብዙ ማውራት አይጠይቅም። በ1882 የተቋቋመው የሄስቲንግስ ቼዝ ክለብ አባል ሆነች፤ ታላቁ ማሮትሲ አስተማራት። በ1927 የመጀመሪያዋ የዓለም የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች፤ እስክትሞትም ማንም አልነጠቃትም። የገና ውድድሩ ላይ ከወንዶቹ ጋር ትጫወት ነበር። ኦይዌን ሁለት ጊዜ አሸንፋዋለች። ሱልጣን ኻንንም አሸንፋዋለች፤ ይህን ለጋሼ አልነገርኩም።

በ1929 ካርልስባድ ላይ ሊያሾፍባት የፈለገ አንድ ተጫዋች፣ በሷ የተሸነፈ ሁሉ «የቬራ ሜንቺክ ክለብ» አባል ይሁን አለ። አልበርት ቤከር ይባላል። የመጀመሪያው አባል እሱ ሆነ።

ቬራ በጁን 1944 ከእናቷና ከእህቷ ጋር ሞተች። ክላፋም ያለው ቤታቸው ላይ የጀርመን በራሪ ቦምብ ወደቀ። ክላፋም እኔ አውቶቡስ የምነዳበት መንገድ ነው። ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ፤ ቤቷ እዚያ እንደነበር ያወቅኩት ስለ ሄስቲንግስ ሳነብ ነው። አሁን መብራቱ ቀይ ሲሆን ወደ ጎን አያለሁ።

ከሷ ሞት 48 ዓመት በኋላ፣ በ1992/93፣ የ16 ዓመቷ ጁዲት ፖልጋር ከባሬየቭ ጋር እኩል ሆና ሄስቲንግስን አሸነፈች። ያኔ ግን ማንም ክለብ ሊያቋቁም አልደፈረም።

ስለ እንግሊዞቹም ፍትሐዊ ልሁን። በ1953/54 ሂው አሌክሳንደር ከብሮንስታይን ጋር እኩል አንደኛ ወጣ። ብሮንስታይን ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ከቦትቪኒክ ጋር ለዓለም ዙፋን ተጋጥሞ እኩል የወጣ ሰው ነው። አሌክሳንደር ግን በ120 እርምጃ፣ እያቋረጡ ቀናት በፈጀ ጨዋታ አሸነፈው፤ ጋዜጦቹም ተከታተሉት። አሌክሳንደር በጦርነቱ ጊዜ ብሌችሊ ፓርክ ውስጥ የጀርመኖችን ምስጢራዊ ጽሑፍ ሲፈታ የነበረ ሰው ነው፤ ታጋሽ መሆኑ አይገርምም። ናይጀል ሾርት ደግሞ በ1988/89 አሸነፈ።

ምግብን በተመለከተ። ከተማው የዓሣ ነው። በየመንገዱ ዓሣና ድንች ይሸታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ጋሼ አይበሉም፣ እሳቸው ፊት ደግሞ እኔም አልበላም። ስለዚህ ድንች ብቻ እንብላ ብለን አንድ ሱቅ ገባን። ደግነቱ ጋሼ ሳይጠይቁ አይበሉም። «በምንድን ነው የሚጠብሱት በለው» አሉኝ። ጠየቅኩት። በበሬ ስብ ነው አለ፣ እየኮራ። ለእንግሊዞች ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ጋሼ መልሱን ሳልተረጉምላቸው ከፊቴ አነበቡት። «በል ውጣ» አሉ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ በአትክልት ዘይት የሚጠብስ አገኘን፤ ቆመን፣ ብርድ ላይ፣ በኮምጣጤ በላን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥሩ ነበር። ከቤት የያዝነው ሽሮና ዳቦ ግን ሕይወታችንን አተረፈ። በጾም የምትሄዱ ያዙ።

ማደሪያውን አልመክርም፣ ስሙንም አልጠራም። ከባሕሩ ፊት ለፊት ይላል፤ ባሕሩ የሚታየው ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት፣ ያውም ቁመት ላለው ሰው ነው። ማሞቂያው ማታ አራት ሰዓት ላይ በራሱ ይጠፋል። ባለቤቱን ብጠይቀው «ሰዓቱ ነው» አለኝ። ጋሼ ጋቢያቸውን ባይዙ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሐኪም ቤት ሆኜ ነበር የምጽፈው። የምትሄዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ማሞቂያውንም ጠይቁ። በዚያ ወቅት የባሕሩ ንፋስ ቀልድ አያውቅም።

አሁን ያለው ውድድር እንደ ድሮው ነው ወይ? አይደለም። ድሮ ዋናው ምድብ በጥቂት የተጋበዙ ሰዎች ነበር፤ ሁሉም ከሁሉም ይጋጠሙ ነበር። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ክፍት ሆኗል፤ ብቃቱ ያለው ይመዘገባል። በ2011/12 ቻይናዊው ዋንግ ዩዌ፣ በቀጣዩ ዓመት እንግሊዛዊው ጋዌን ጆንስ አሸንፈዋል፤ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። የዓለም ቁንጮዎቹ ግን ጃንዋሪ ሲመጣ ሆላንድ፣ ቫይክ አን ዜ ነው የሚሄዱት። ስፖንሰሩም ሽልማቱም እዚያ ነው። ካርልሰንን አያለሁ ብላችሁ ሄስቲንግስ ብትሄዱ ባሕሩን አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

ለኔ ግን ይህ ጉድለት አልሆነብኝም። ግራንድማስተሮቹ የሚጫወቱበት ቦታ ሄጄ ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አንዱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ፈረስ ላይ አፍጥጦ ቆየ፤ በመጨረሻ አላንቀሳቀሰውም። ጋሼ አጠገቤ ሆነው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ምልክት እንዳያመልጣቸው ነው። ሌላ ቦታ በስክሪን ነው የምታዩት።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለውድድሩ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሹን ያጎደልኩት በአየሩ ነው፣ እሱ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። ለማደሪያው አንድ። ለድንቹ አራት፤ ለመጀመሪያው ሱቅ ድንች ሳይሆን እውነቱን ለተናገረው ልጅ አምስት። ታሪክ ለማያነብ ሰው ግን አልመክርም። ሳታነቡ ከሄዳችሁ፣ ብርድ ላይ ተሰብስቦ ዝም ያለ ሕዝብ ነው የምታዩት። መጀመሪያ የ1895ቱን፣ ከዚያ የ1930/31 እና የ1934/35ቱን ጨዋታዎች ተመልከቱ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። አሥር ቀን እንኳ ባይሆን።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ተመለስን። ባቡሩ ላይ ጠረጴዛ ያለው ወንበር አገኘን። ጋሼ ከቦርሳቸው አንድ ቀይ ጨርቅ አወጡ፤ በብዕር መስመር አስምረውበታል። ለካ ማታ ማታ ማሞቂያው ሲጠፋ ይሄን ነው የሚሠሩት። የኔን የቼዝ ጠጠሮች ደረደሩበትና «ጀምር» አሉኝ። ማን ይቀድማል ብል፣ እሳቸው ሦስት መደቅ አንቀሳቅሰዋል። እኔም ገባሁበት። እጃችን ጨርቁ ላይ ይጋጫል፣ ባቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼ ይስቃሉ። ትኬት ተቆጣጣሪዋ መጥታ ቆመች። ለትንሽ ጊዜ አየችንና ተራው የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላቸው።

«ገና ወረራ ላይ ነን በላት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ቻሪንግ ክሮስ ስንደርስ ጨዋታው አላለቀም ነበር። ጠጠሮቹን ሰብስበው ሰጡኝ፣ ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በሁለት መደቅ እየመሩኝ እንደነበር ግን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሦስት ጊዜ አስታወሱኝ።